ስለ ፖርት ኤለን ከተማና ስለ ውስኪዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደ አከራካሪው እንሄዳለን።

ፖርት ኤለን የት ናት?

ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባሕሩ ውስጥ አይላ የምትባል ደሴት አለች። ፖርት ኤለን በዚህች ደሴት ደቡባዊ ጫፍ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከተማ ስላልኩ ብዙ አትጠብቁ፤ ነዋሪዋ አንድ ሺህ አይሞላም። ነጭ የተቀቡ ቤቶች የባሕሩን ጥምዝ ተከትለው ተደርድረዋል። አሸዋማ ዳርቻ፣ የመርከብ ማቆሚያና ጥቂት ሱቆች አሏት። ወጣ ብሎ ደግሞ ግዙፍ የብቅል ፋብሪካ ቆሟል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ደሴቲቱ በጠቅላላ ወደ 620 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ሕዝቧ ግን 3,200 ገደማ ብቻ ነው። ስሟ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ኤስ» የሚባለው ፊደል አለ፣ ግን አይነበብም። «ኢስላይ» ብሎ የጠራ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

ኤለን ማን ናት?

የባላባት ሚስት ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደሴቲቱ መሬት ከሞላ ጎደል የአንድ ሰው ነበር፤ ዋልተር ፍሬድሪክ ካምቤል ይባላል። ይህ ሰው በ1821 ከተማዋን ሲቆረቁር በሚስቱ በሌዲ ኤልኖር ስም ሰየማት። የቤተሰቡን ስም መሬት ላይ መጻፍ ይወድ ነበር። በ1828 የመሠረታትን ሌላ የወደብ መንደር ደግሞ በእናቱ ስም ፖርት ሻርሎት ብሏታል።

ኤልኖር በ1832 ሞተች። ካምቤል በዚያው ዓመት ከከተማዋ ትይዩ፣ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ፣ መታሰቢያ የሚሆን የመብራት ማማ አሠራላት። ካሬግ ፋዳ ይባላል። የመብራት ማማ ብዙውን ጊዜ ክብ ነው፤ ይሄኛው ግን አራት ማዕዘን ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ይመስላል። መርከብ ወደ ወደቡ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ካምቤል ራሱ መጨረሻው አላማረም። በ1840ዎቹ ድንቹን በሽታ መታው፣ ገበሬው ተራበ፣ ግብር የሚከፍል ጠፋ። ዕዳው ተቆልሎ በ1848 ርስቱ ከእጁ ወጣ።

እንዴት ይደረሳል?

ከግላስጎው በአውሮፕላን 45 ደቂቃ ያህል ነው። ማረፊያው በፖርት ኤለንና በቦውሞር ከተማ መካከል ነው። ሁለተኛው መንገድ ከግላስጎው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በመኪና ነድቶ ኬናክሬግ ከምትባል የመርከብ መነሻ መድረስ ነው። ከዚያ መርከቡ ፖርት ኤለን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ከኬናክሬግ የሚነሱ መርከቦች ሁሉ ፖርት ኤለን አይሄዱም። አንዳንዶቹ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለችው ፖርት አስኬግ ነው የሚሄዱት። ትኬቱን በደንብ አንብቡት። ነፋስ ሲበረታ ጉዞ ይሰረዛል፤ ስለዚህ መመለሻችሁንና የአገራችሁን በረራ በአንድ ቀን አታድርጉ። በግንቦት መጨረሻ የሙዚቃና የውስኪ ፌስቲቫል አለ፤ ፌሽ ኢላ ይሉታል። በዚያ ሳምንት መኪና ይዞ ለመሻገርም ሆነ አልጋ ለማግኘት ከወራት በፊት መያዝ ግድ ነው።

መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ከፊት ለሚመጣ ሾፌር ሁሉ እጃችሁን አንሱ። የደሴቲቱ ደንብ ነው። ባታውቁትም ሰላም ይላችኋል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ያስተዛዝባል።

ውስኪ ምንድን ነው? ከኛ አረቄ በምን ይለያል?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ይህ ብቅል ነው። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ስኳሩን ይለቃል። እርሾ ይገባበትና ይፈላል። እዚህ ደረጃ ላይ ጠንከር ያለ ቢራ የሚመስል ነገር ነው። ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ጌሾ የለም። ሲንግል ሞልት በሚባለው ውስኪ ውስጥ የገብስ ብቅል፣ ውሃና እርሾ ብቻ ነው የሚገባው፤ የሚወጣውም ከአንድ ፋብሪካ ነው። ማፍያው መዳብ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሁለት ጊዜ ይወጣል። አረቄ እንደ ወጣ ይጠጣል፤ ይሄኛው ግን እንደ ወጣ ውስኪ አይባልም። ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባም የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ በታች መሆን አይችልም።

ስሙም ከጌሊክ ቋንቋ ነው የመጣው። «ኡሽከ ባሃ» ይሉታል፤ የሕይወት ውሃ ማለት ነው።

ያ የጭስ ጠረን ከየት ይመጣል?

ከብቅሉ ነው። ከውሃው ነው የሚል ወሬ ትሰማላችሁ፣ ከበርሜሉ የሚልም አለ። ዋናው ምንጭ ግን ብቅሉ ሲደርቅ የተጠቀሙበት ማገዶ ነው።

አይላ ዛፍ ብርቋ ነው። የድንጋይ ከሰልም በቅርብ አልነበረም። ያለው ፒት ነው። ውሃ ባቆረ ረግረግ ላይ ሣሩ፣ ሙስ የሚባለው ተክልና ቁጥቋጦው ይሞታል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ለሺህ ዓመታት ተደራርቦ ሲጨመቅ ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ይሆናል። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው ይባላል። ሰው ይህን አፈር በረጅም አካፋ እንደ ጡብ እየቆረጠ ያወጣዋል፣ ነፋስ ላይ ያደርቀዋል፣ ያነደዋል። የአገሬው ሰው ቤቱን ያሞቀውና ምግቡን ያበሰለው በዚሁ ነው። ለእኛ ኩበት እንደ ማለት ነው።

እርጥቡ ብቅል ከላይ ተሰጥቶ ከታች ፒት ሲጨስ ጭሱ ገለባው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ቢፈጭም፣ ቢፈላም፣ ሁለት ጊዜ ቢወጣም ጠረኑ አይለቅም። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግን ወይራን ጠብቆ የሚቀምስ ሰው ይደነግጣል። የአይላ ጭስ ወደ ሬንጅ፣ ወደ ባሕር አረምና ወደ ሆስፒታል አዮዲን ያደላል። በመጀመሪያው ጉንጭ «ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ?» ያለ ሰው አልተሳሳተም።

የአይላ ውስኪ ሁሉ ይጨሳል?

አይደለም። በሰሜን ያለው የቡናሃቨን ፋብሪካና በምዕራብ ያለው ብሩክላዲ በዋናነት የሚታወቁት ጭስ በሌለው ውስኪ ነው። ጭሱ የሚበረታው በደቡብ፣ በፖርት ኤለን አካባቢ ነው።

መጠኑ የሚለካው ፌኖል በሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ተብሎ። በደቡብ ካሉት ፋብሪካዎች አርድቤግ ወደ 55፣ ላጋቩሊን ወደ 35 የሚጠጋ ብቅል ይጠቀማሉ። ይህ ቁጥር ግን የብቅሉ እንጂ የጠርሙሱ አይደለም። በመንገድ ላይ ብዙው ይቀራል። ስለዚህ ቁጥር እያወዳደሩ «የኔ ይበልጣል» ማለት ብዙም አያስኬድም።

ከከተማዋ አቅራቢያ ያሉትን ሦስት የውስኪ ፋብሪካዎች በእግር ማዳረስ ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም የሚመከረው እሱ ነው። ከፖርት ኤለን ወደ ምሥራቅ ከመኪናው መንገድ ጎን የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል። መጀመሪያ ላፍሮይግ፣ ቀጥሎ ላጋቩሊን፣ መጨረሻ ላይ አርድቤግ። እስከ መጨረሻው ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ላፍሮይግና አርድቤግ የተመሠረቱበትን ዓመት 1815 ይላሉ፤ ላጋቩሊን 1816። ሦስቱም ባሕር ዳር ቆመው ስማቸውን ነጭ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ጥቁር ፊደል ጽፈዋል። ድሮ ገብሱም በርሜሉም በመርከብ ስለሚመጣ ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው።

ላፍሮይግ ስትደርሱ የቤሲ ዊልያምሰንን ታሪክ ጠይቁ። በ1934 ለአንድ ክረምት ጸሐፊ ሆና ልትሠራ መጣች። አልተመለሰችም። ባለቤቱ ኢያን ሃንተር ልጅ አልነበረውም፤ በ1954 ሲሞት ፋብሪካውን ለእሷ ተወላት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ውስኪ ፋብሪካ በባለቤትነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ለኔ ከሦስቱ ፋብሪካዎች ታሪክ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

በመኪና ለመሄድ ያሰበ አንድ ነገር ይወቅ። ስኮትላንድ ጠጥቶ ለማሽከርከር የፈቀደችው መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው። ፋብሪካዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ለሾፌር የሚቀመሰውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው ይሰጣሉ። ማታ ቤታችሁ ትቀምሱታላችሁ።

አልጠጣም። ብሄድ ምን አያለሁ?

ብዙ። ከአርድቤግ አልፋችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትቀጥሉ የኪልዳልተን መስቀል አለ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተቀረጸ ረጅም መስቀል ነው፤ ክንዶቹን ክብ ቀለበት ያያይዛቸዋል፣ ፊቱ ላይ እመቤታችን ከነልጇ ተቀርጻለች። ጣሪያ በሌለው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዝናብና ነፋስ እየመታው፣ ከ1,200 ዓመት በላይ ቆሟል። ላሊበላን ያየ ዓይን እዚህ መስቀል ፊት ቶሎ አይጠግብም።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ኦ የሚባለው ገደላማ ልሳነ ምድር አለ። ጫፉ ላይ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያሠራው የድንጋይ ማማ ይታያል። በየካቲት 1918 ቱስካኒያ የተባለች የአሜሪካ ወታደሮችን የጫነች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በዚህ አካባቢ ሰጠመች። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በጥቅምት ደግሞ ኦትራንቶ የተባለችው ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ የሞተው ሰው ከዚያም በለጠ። የደሴቲቱ ሰዎች ከባሕር የወጡትን አስከሬኖች ሲቀብሩ የአሜሪካ ባንዲራ አልነበራቸውም። ሌሊቱን ቁጭ ብለው በእጃቸው ሰፍተው ቀበሯቸው።

የአውሮፓን የብርድ ወራት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ዝይዎች ከግሪንላንድ መጥተው ይከርማሉ።

የፖርት ኤለን የራሷ ፋብሪካ ታሪክ ምንድን ነው?

በ1823 የወጣ ሕግ ውስኪ የማውጣት ፈቃድ በ10 ፓውንድ እንዲሰጥ አደረገ፣ ቀረጡንም ቀነሰ። ከዚያ በፊት ተደብቆ ማውጣት የተለመደ ነበር። ከሕጉ በኋላ ብዙዎች ወደ ሕጋዊው መንገድ ገቡ። የፖርት ኤለን ፋብሪካ የተቋቋመው በ1825 በዚህ ማዕበል ነው። መሥራቹ አሌክሳንደር ማካይ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ።

ፋብሪካውን ሰው ያደረገው በ1830ዎቹ የተረከበው ወጣቱ ጆን ራምሴ ነው። ውስኪውን በቀጥታ ወደ አሜሪካ መላክ ጀመረ። በግላስጎውና በአይላ መካከል የሚመላለስ የእንፋሎት መርከብ አስጀመረ። ያኔ ከማፍያው የሚወጣውን ፈሳሽ ለመቆጣጠር ስፒሪት ሴፍ የሚባል በመስተዋት የተሠራ ሣጥን አዲስ መጥቶ ነበር። ቁልፉ በቀረጥ ሠራተኛው እጅ ስለሆነ ሠራተኛው ፈሳሹን ያያል እንጂ አይነካውም። መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ፖርት ኤለን ናት ይባላል። ዛሬ በየፋብሪካው አለ።

ታዲያ የራምሴ ስም ለምን ያከራክራል?

ምክንያቱም በኋላ ባለመሬትም ሆነ። በ1855 የፖርት ኤለንን አካባቢ ርስት ገዛ፣ የፓርላማ አባልም ሆነ። መሬቱ ላይ ግን ደሃ ጭሰኞች ነበሩ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ከኦ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ተሰደደ። ራምሴ ለአንዳንዶቹ የመርከብ መሳፈሪያ ከፍሏል። በ1870ም ካናዳ ድረስ ሄዶ እንዴት እንደሆኑ ጎብኝቷቸዋል።

አንዱ ወገን «ሌላው ባለመሬት ቤት እያቃጠለ ሲያባርር እሱ ግን ረድቷቸዋል» ይላል። ሌላው «ሄዱ እንጂ አልተጠየቁም» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ትኬት ቆርጦ መሸኘትም ከመሬት ማንሳት ነው። ለማንኛውም ዛሬ ኦ ላይ በእግር የሚሄድ ሰው በየሜዳው የፈረሱ የድንጋይ ቤቶችን ያያል፤ ከሰው ይልቅ በግ ይበዛል።

ፋብሪካው ለምን ተዘጋ?

ሁለት ጊዜ ነው የተዘጋው። የመጀመሪያው በ1929 ነው። አሜሪካ መጠጥ ከልክላ ነበር፣ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ትልቁ የውስኪ ኩባንያ ዲሲኤል ፋብሪካውን ገዝቶ ዘጋው። እስከ 1967 ድረስ ማፍያው አልጨሰም። ከዚያ ታድሶ በአራት ማፍያ ሥራ ጀመረ።

ሁለተኛው በ1983 ነው። በ1970ዎቹ ሁሉም ያለ ልክ አመረተ። መጋዘኑ ሞላ፣ ጠጪው ግን ፊቱን ወደ ቮድካ አዞረ። ዲሲኤል በዚያ ዓመት አሥራ አንድ ፋብሪካ ዘጋ። አይላ ላይ ሦስት ነበረው፦ ካል ኢላ፣ ላጋቩሊንና ፖርት ኤለን። ካል ኢላ በ1974 አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ ላጋቩሊን ስም ነበረው። ዕጣው ለፖርት ኤለን ወጣ። ማፍያዎቹ ተነቀሉ፣ ሕንፃዎቹም አብዛኞቹ ፈረሱ። ባሕር ዳር ያሉት መጋዘኖች ግን ቀሩ።

ታዲያ ከተማዋ ያን ሁሉ ዓመት በምን ኖረች?

በብቅል። ስለ ፖርት ኤለን የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ስለ ጠፋው ውስኪ ነው፤ ይህ ጥያቄ ይዘለላል። ለኔ ግን የከተማዋ ዋና ታሪክ ይኸው ነው።

በ1973 ዲሲኤል ከፋብሪካው አጠገብ ትልቅ የብቅል ማዘጋጃ ሠራ። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ ገብሱን ወለል ላይ አስጥቶ፣ ሰው ሌት ተቀን በአካፋ እያገላበጠ ያበቅል ነበር። የጀርባ ሥራ ነው። አዲሱ ቤት ግን ሰባት ግዙፍ ከበሮዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 50 ቶን ገብስ ይይዛል። ገብሱ ሁለት ቀን ገደማ ይዘፈዘፋል፣ አምስት ቀን ያህል ከበሮው ውስጥ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ፒት ጭስ ላይ ይደርቃል። ነፋሱ ወደ ከተማ ሲዞር መንገዱ ሁሉ ይታጠናል። ልብስ አስጥቶ የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት ነው።

ውስኪ ፋብሪካው ሲዘጋ ይህ ቤት አልተዘጋም። በ1987 የደሴቲቱ ፋብሪካዎች ተስማምተው ብቅላቸውን፣ አንዳንዱ ሙሉውን አንዳንዱ ከፊሉን፣ ከዚሁ እንዲገዙ ሆነ። ተፎካካሪ ባለቤቶች ናቸው፤ ግን ቤቱ ቢዘጋ ሥራ የሚያጣው የጎረቤት ልጅ ነው። እንዲህ ሆነና የራሷ ጠርሙስ የሌላት ከተማ ለአሥርተ ዓመታት የሌሎቹን ውስኪ ስታጨስ ኖረች። ላፍሮይግ፣ ቦውሞርና ኪልሆማን ዛሬም ከሚፈልጉት ብቅል ከፊሉን በድሮው መንገድ ወለል ላይ ያበቅላሉ።

የአሮጌው ፖርት ኤለን ጠርሙስ ለምን ያን ያህል ተወደደ?

ስለማይመለስ ነው። ሲሠራ የነበረ ጊዜ ማንም ልዩ አላለውም። አብዛኛው ለቅልቅል ውስኪ ነበር የሚሄደው። ከተዘጋ በኋላ የቀሩት በርሜሎች በየመጋዘኑ አረጁ፤ የቀመሱት ሰዎችም ወሬውን ነዙት። ዲሲኤልን የወረሰው ኩባንያ ዲያጆ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ከመቶ ፓውንድ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። በ2017 የወጣው ከሦስት ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር።

በርሜል ውስጥ በየዓመቱ ሁለት በመቶ ያህል ይተናል። «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። የተሸጠው አይመለስም፣ ያልተሸጠውም እየተነነ ነው። ጣዕሙ ጥሩ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ግን ከላጋቩሊን ሠላሳ እጥፍ ይጥማል የሚል አልሰማሁም። የሚከፈለው ለብርቅነቱ ነው።

አሁን ተከፍቷል አይደል? የሚሸጠውስ የአዲሱ ነው?

ተከፍቷል። በ2017 ዲያጆ ፖርት ኤለንንና በሰሜን ስኮትላንድ ያለውን ብሮራን በ35 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ እንደሚያስነሳ አስታወቀ። ከታሰበው ዘግይቶ መጋቢት 2024 ፖርት ኤለን ሥራ ጀመረ። ከተዘጋ 41 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ከድሮዎቹ ጋር በቅርፅም በመጠንም አንድ የሆኑ ሁለት የመዳብ ማፍያዎች ተሠሩለት፤ ለሙከራ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ተጨመሩ።

የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2024 የወጣው ፈሳሽ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ማለትም ከ2027 በፊት፣ በሕግ ውስኪ አይባልም። አርጅቶ ስም ያወጣል ተብሎ የሚጠበቀውም ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ፖርት ኤለን» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚቀርብላችሁ ያረጀ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውስኪ እስከ 1983 ድረስ ከማፍያ የወጣ መሆን አለበት። ከማፍያ የወጣበት ዓመት ከ1983 በኋላ፣ ከ2024 በፊት ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

12 ዓመት የሚል ጠርሙስ ገዝቼ ስምንት ዓመት ባስቀምጠው 20 ይሆናል?

አይሆንም። ውስኪ የሚበስለው በርሜል ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ዕድሜው ቆሟል። ቁጥሩ የሚናገረው ደግሞ ውስጡ ካለው ሁሉ የታናሹን ዕድሜ ነው። ለሠርግ ብለው ያስቀመጡ አባቶች ቅር እንዳይላቸው፣ ዋጋው ግን ሊጨምር ይችላል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በባለቤቱ በኩል አለ። ፖርት ኤለን የዲያጆ ነው። ይሄው ዲያጆ በ2012 የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ለአሥር ዓመት ያህል ይዞት ነበር። በ2022 ለፈረንሳዩ ካስቴል ሸጦ ወጣ።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ጆኒ ዎከር ብላክ ስትቀምሱ ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጭስ አለ። እሱ በአብዛኛው ከአይላ፣ ከካል ኢላ ነው። ፖርት ኤለንም ከመዘጋቱ በፊት ለእንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ይሄድ ነበር። ስሙን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ጠጥተውታል ማለት ነው።

ጨዋማ ጣዕሙ በእርግጥ ከባሕሩ ነው?

አስጎብኚ ሁሉ እንዲህ ይላል፦ መጋዘኑ ባሕር ዳር ነው፣ ማዕበሉ ግድግዳውን ይመታል፣ በርሜሉ የባሕሩን አየር ይስባል። ደስ ይላል። ግን ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛ፣ ጨው ከእንፋሎት ጋር አይወጣም፤ ማፍያው ውስጥ ይቀራል። እኛ «ጨው ጨው አለ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ያው የፒቱ ጭስ የሚተወው ጣዕም ነው። አእምሯችን ባሕሩን ስላየ ይጨምርበታል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከአይላ የሚወጣው ፈሳሽ ሁሉ አይላ ላይ አያረጅም። የካል ኢላ አብዛኛው በቦቴ መኪና ተጭኖ፣ በዚያው እናንተ በምትሳፈሩበት መርከብ ተሻግሮ፣ ዋናው ምድር ላይ ባሉ መጋዘኖች ነው በርሜል የሚገባው። ጠጪው ግን «የባሕሩ ጨው ይሰማኛል» ማለቱን አይተውም።

የባሕር አየር ምንም አይሠራም ብዬ አልከራከርም። እርጥበቱና ቅዝቃዜው በርሜሉ ስንት እንደሚያተን ይወስናል። ጉብኝት ላይ ስትሆኑ ግን «ይሄ በርሜል ያረጀው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።